የጨንቻ አፈር፣ የጫሞ ዓሣ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ተጓዡ የሙዙን ማሳና የቆላውን ሙቀት ከኋላው ትቶ፣ እንሰት፣ ቀርቀሃና አፕል ወደሚበቅልበት፣ ጭጋግ ብዙም ወደማይለየው ደጋ ይደርሳል። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከታች የተዘረጋው የጫሞ ሐይቅ ደግሞ 1 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰው በመኪና ሲወርደው ጆሮውን የሚደፍነውን ይህን ቁልቁለት ውኃ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የአርባ ምንጭ ነዋሪ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የኩልፎ ወንዝ ደፍርሶና ሞልቶ ሲወርድ ያያል፤ እርሱ ያለበት ሰማይ ግን ጠራ ያለ ሊሆን ይችላል።

የድንች ማሳው በጎርፍ የተቦረቦረበት የጨንቻ ገበሬ የሚያስበው ስለ ጠፋው ማሳው ነው። መረቡን ጎትቶ ጥቂት ዓሣ ብቻ ያገኘው የጫሞ አስጋሪ ደግሞ ስለ ሐይቁ ያስባል። ሁለቱ ሰዎች ምናልባት ተያይተው አያውቁም። የሐይቅና የዓሣ ሀብት ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ጉዳይ ግን የሁለቱን ሰዎች ችግር በአንድ ክር ያያይዘዋል። የክሩ አንደኛው ጫፍ ደጋው ላይ ያለው ትልም ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትጥልበት የሐይቅ ዳርቻ ነው።

ሐይቅም ግጦሽ አለው

ነገሩን ለመረዳት ዓሣ ምን እንደሚበላ ማወቅ ይበቃል። ከብት ሣር ይግጣል፤ አንበሳ ከብት ይበላል። በሐይቅ ውስጥም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሣሩ አልጌ የሚባለው፣ አብዛኛው በዓይን የማይታይ፣ ተንሳፋፊ ደቂቅ ተክል ነው። ውኃው አረንጓዴ መስሎ የሚታየው እርሱ ሲበዛ ነው። ቆሮሶ በዋናነት ይህን አልጌ እየተመገበች ታድጋለች። ናይል ፐርች ደግሞ በሕፃንነቱ ጥቃቅን የውኃ እንስሳትንና የነፍሳት እጮችን፣ ካደገ በኋላ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ለዚህም ነው በድፍርስ ውኃ ውስጥ እንኳ የማይቸገረው።

አልጌ እንደማንኛውም ተክል ያለ ፀሐይ ብርሃን አይኖርም። ውኃው በደለል ከደፈረሰ ብርሃኑ ከላይኛው ሽፋን አልፎ አይገባም። ብርሃን የደረሰበት ጥልቀት ባጠረ ቁጥር የሐይቁ ግጦሽ ይጠባል። ግጦሽ ከጠበበ ቆሮሶ ያንሳል፤ ቆሮሶና ሌሎች ትናንሽ ዓሦች ካነሱም ናይል ፐርች የሚበላው ያጣል። በዚያ ላይ ናይል ፐርች በዓይኑ እያየ የሚያድን ዓሣ በመሆኑ ድፍርስ ውኃ አደኑን ራሱን ያከብድበታል።

ተመራማሪዎች የውኃን ጥራት የሚለኩበት መሣሪያ ገበሬ ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳሕን በገመድ ታስሮ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ሳሕኑ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይለካል። ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥር ውኃው ደፍርሷል ማለት ነው። ሴኪ ዲስክ ይሉታል። በጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ስም የተሰየመው ይህ መሣሪያ ከ1860ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ በዓለም ባሕሮችና ሐይቆች ሁሉ ሲያገለግል ኖሯል።

ይህን ለማየት ግን የግድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአርባ ምንጭ ሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆችን ጎን ለጎን ያያል። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። በመካከላቸው ያለው መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። አባያ ከ1 ሺህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ሆኖም በስፋት በጣም የሚያንሰው ጫሞ በዓሣ ምርታማነት ይበልጠዋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው በዓይን የሚታየው ቀለም ነው። የአባያ ውኃ በውስጡ ተንሳፍፎ የማይዘቅጥ ደቃቅ ሸክላና በብረት ንጥረ ነገር የቀላ ደለል ተሸክሟል። ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነም ነፋስ የተኛውን ደለል ደግሞ ደጋግሞ ያነሣዋል።

እዚህ ላይ ፍርድን ማመዛዘን ያስፈልጋል። አባያ የቀላው ትናንት አይደለም፤ መቅላቱም የገበሬ ጥፋት ብቻ አይደለም። የአካባቢው አፈርና የሐይቁ አቀማመጥ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የአባያ ምሳሌነት ለጫሞ ጎረቤት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ብርሃን ያጣ ሐይቅ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ገበታው ጠባብ እንደሚሆን ያሳያል።

ኮራሉ የመዘገበው

ተመሳሳይ ታሪክ ከዚህ በስተደቡብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተጽፎ ይገኛል። ከኬንያ ደጋዎች የሚነሣው ወንዝ ሳባኪ በሚል ስም ማሊንዲ ከተማ አጠገብ ወደ ባሕር ይገባል። በዚያ የባሕር ዳርቻ ኮራሎች አሉ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት ከኖራ መሰል ነገር በላይ በላይ እየገነቡት በየዓመቱ ያድጋል። የሞቃት ባሕር ዓሦች የሚመገቡበት፣ የሚደበቁበትና የሚራቡበት ቤታቸውም እርሱ ነው። ኮራልም በውስጡ የሚኖሩ አልጌዎች ብርሃን ካላገኙ ይዳከማል፤ ደለል ሲጫነውም ይታፈናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በማሊንዲ አካባቢ 300 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ኮራል ሰርስሮ መረመረ። ዛፍ በግንዱ ውስጥ ዓመታቱን እንደሚቆጥር ሁሉ ኮራሉም በየዓመቱ ንብርብሩ ውስጥ ወንዙ ያመጣለትን ይዞ ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ የለኩት ባሪየም የሚባለውን፣ ከአፈር ጋር ታጥቦ ወደ ባሕር የሚገባውን ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ ለሁለት ምዕተ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ ከ1900 ወዲህ እየጨመረ ሄዷል። ያ ዘመን በደጋው ላይ ደን ተመንጥሮ እርሻ የሰፋበት ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቅ የኬንያ ደጋ ገበሬ የማረሰው ታሪክ ከባሕር ሥር ተመዝግቦ ተገኘ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። የኩልፎ ባሕር ጫሞ ነው። ወንዙ ከጉጌ ተራራማ ደጋዎች ተነሥቶ፣ ገባሮቹን ሰብስቦ፣ አርባ ምንጭን አቋርጦ ይገባበታል። ከጨንቻ ደጋ የሚነሣው የሐሬ ወንዝ ደግሞ የቆላውን ማሳ አጠጥቶ ወደ አባያ ያመራል። በወንዙ አፍ ፍጥነቱ የበረደለት ውኃ የተሸከመውን ያራግፋል፤ ከባዱ አሸዋ ቀድሞ፣ ደቃቁ አፈር ዘግይቶ። ጎብኚዎች አዞ ለማየት የሚሄዱበት የአዞ ገበያም ያለው ኩልፎ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ ነው፤ አዞ ዓሣ ወዳለበት መሄዱ አያስገርምም።

የአፍ ውስጥ ጎጆ

ደለሉ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዓሣ የሚራባበትን ስፍራ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ አሸዋማ መሬት ላይ ክብ ጉድጓድ ቆፍሮ ያጸዳል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ በአፏ ሰብስባ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ እዚያው በአፏ ውስጥ ናቸው፤ አደጋ ሲመጣም ተመልሰው ይገባሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናትየዋ የምትበላው የለም ማለት ይቻላል። በአንድ ጊዜ የምታሳድገው ከጥቂት መቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። ትልቅ የናይል ፐርች እናት ግን እንቁላሏን በሚሊዮን ቆጥራ ውኃ ላይ በትና ትሄዳለች፤ ከዚያ ውስጥ ለማደግ የሚበቃው እጅግ ጥቂቱ ነው።

እንግዲህ ያ የተጸዳ ጉድጓድ ቀጭን ጭቃ ከለበሰ ለቆሮሶ መራቢያነቱ ያበቃል። ከዳርቻው ያለው ቄጠማና የውኃ ሣር ተነቅሎ እስከ ውኃው ጠርዝ ከታረሰም ጫጩቶች የሚደበቁበት ቦታ ያጣሉ። ቄጠማው ሌላም ሥራ አለው፤ ከማሳ የሚመጣውን ጭቃ ሐይቁ ሳይደርስ ያጣራል። አባያን የወረረው እምቦጭ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እምቦጭ የውኃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃን የሚከለክል መጤ አረም በመሆኑ ከዳርቻው ነባር ቄጠማ ጋር መምታታት የለበትም።

የአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናብ ሁለት ወቅት አለው፤ አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ዝናቡ ውኃና ምግብ ይዞ ስለሚመጣ የብዙ ዓሦች መራባት ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ማሳው ታርሶ ለስልሶ ገና በቡቃያ ሳይሸፈን የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ግን አፈር በብዛት የሚታጠብበትም ጊዜ ነው። የዓሣው የመራቢያ ወቅትና የገበሬው ባዶ ማሳ በቀን መቁጠሪያው ላይ ተገጣጥመዋል።

መረቡም ራሱን ይመርምር

የጫሞ ዓሣ ለምን ቀነሰ ለሚለው ጥያቄ ሁሉን በደጋው ገበሬ ማላከክ ግን ትክክል አይሆንም። በሐይቁ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት ሌላው ጉዳይ ከልክ ያለፈ ማስገር ነው፤ በተለይም ናይል ፐርች ላይ የደረሰው። ይህ ዓሣ ሲያድግ ከሰው ቁመት ሊበልጥና እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ የሚችል ፍጡር ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከውጭ ገብቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነባር የዓሣ ዝርያዎችን ለጥፋት በማጋለጡ በዓለም ክፉ ስም ወጥቶለታል። በጫሞ ግን ነባር ነው፤ የአባያና የጫሞ ዓሦች የአባይ ወንዝ ዘመዶች መሆናቸው ሐይቆቹ በጥንት ዘመን በቱርካና በኩል ከአባይ ጋር ይገናኙ እንደነበር ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በቪክቶሪያ ወራሪ የሆነው ዓሣ በጫሞ የቤቱ ጌታ ነው።

ችግሩ ናይል ፐርች ለመውለድ የሚበቃው አድጎ ከገዘፈ በኋላ መሆኑ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ይይዘዋል። ይህን ለከብት አርቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጊደሮቹን ሁሉ ሳይወልዱ ያረደ ሰው በሦስተኛው ዓመት በረቱ ባዶ ይሆናል። ከአንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የሚሠሩት ርካሽ መረቦች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በውኃ ውስጥ አይታዩም፤ ቶሎ ይበጠሳሉ፤ የተበጠሰውም ሳይበሰብስ እሥሩ ቀርቶ ማንም የማያወጣውን ዓሣ እየያዘ ይገድላል።

ገበያውም የራሱ ወቅት አለው። በዐቢይ ጾም ብዙ ከተሜ ፊቱን ወደ ዓሣ ስለሚያዞር ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ኮተሌቱም ይፈለጋል፤ ዋጋውም ይወጣል። ጾሙ የሚያበቃው የበልጉ ዝናብ በሚገባበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ብዙ እናት ዓሦች ለመውለድ በሚዘጋጁበት ጊዜ ሐይቁ ላይ የሚዘረጋው መረብ ይበዛል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ እንዳይመናመን ለመጠበቅ ነው። አዋጅ ግን በሌሊት ሐይቅ ላይ አይቀዝፍም። የመረቡን ዓይን የሚለካ ሰው፣ ያልበቃ ዓሣ አልገዛም የሚል ነጋዴና ምግብ ቤትም ያስፈልጋሉ። ሳሕኑ ላይ የቀረበለት ሙሉ ዓሣ ከመዳፉ የማይበልጥ መሆኑን ያየ ተመጋቢም ከጉዳዩ ውጪ አይደለም።

መፍትሔው የበቀለበት አገር

ስለ አፈሩ ሲነሣ ደግሞ ጨንቻ የምትወቀስበት ብቻ ሳይሆን የምትመሰገንበትም ነገር አለ። ዛሬ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በእርከን ላይ የሚተከለው ደሾ ሣር አገሩ ጨንቻ ነው። በእርሻ ምርምር ጽሑፎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 በጨንቻ እንደተገኘ ተመዝግቧል። ‹ተገኘ› የሚለው ቃል የተመራማሪ ቃል ነው፤ የጨንቻ ከብት ሣሩን ከዚያ በፊትም ሳያውቀው አይቀርም።

ደሾ ዘላቂ ሣር ነው፤ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይኖራል። የሚባዛው በዘር ሳይሆን ጉንጉኑን በመገነጣጠል ነው። ሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚወርድ የእርከኑን አፈር እንደ መርፌና ክር ይሰፋዋል። ከላይ የሚወርደው ውኃ ሣሩ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውን አፈር እዚያው ጥሎ ራሱ ወደ መሬት ይሰርጋል። በዓመታት ውስጥ ከእርከኑ በላይ ያለው መሬት በተያዘው አፈር ከፍ እያለ፣ ተዳፋቱ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። ሣሩ ታጭዶ ለከብትና ለበግ ይቀርባል። ገበሬን የሚያሳምነውም ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው፤ መኖ የማይሰጥ እርከን በማግስቱ ሊፈርስ ይችላል፤ መኖ የሚሰጠውን ግን ባለቤቱ ይጠብቀዋል።

ደሾ ያለ ጥንቃቄ አይሠራም። ልቅ ግጦሽ ባለበት ሥር ሳይሰድድ ይበላል፤ ስለዚህ ቢያንስ እስኪጸና ከብት መከልከልና አጭዶ መመገብ ግድ ነው። ፍግ ይወዳል። በከፍተኛውና በጣም በሚቀዘቅዘው የጉጌ ጫፍ ዕድገቱ ይዘገያል። በዚያ ላይ ትልሙ ቁልቁል የወረደ የድንች ማሳ ካለ ሣሩ ብቻውን አያድነውም። ድንች ሲኮተኮትና አፈር ሲታቀፍ በመደቦቹ መካከል የሚፈጠረው ቦይ ቁልቁል ከሆነ ለጎርፉ የተጠረገ መንገድ ይሆናል፤ አግድም ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቦይ ትንሽ ግድብ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሬውን ወይም ዶማውን ማዞር ይበቃል። በቤት ዙሪያ ያለው እንሰትና በገደሉ አፍ ያለው ቀርቀሃም ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ሸፍነው የሚቆዩ በመሆናቸው አባቶች ያለ ምክንያት አልተከሏቸውም።

ያልተፈታው ጥያቄ የወጪው ነው። እርከን ቦታ ይወስዳል፤ ማሳው ሩብ ሄክታር እንኳ ለማይሞላ የደጋ ቤተሰብ ደግሞ አንድ የእርከን መስመር የአንድ ወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ በከፊል የእርሱ ነው፤ በከፊል ግን የአርባ ምንጭ ነዋሪ፣ የሙዝ ገበሬውና የጫሞ አስጋሪ ነው። ጎርፍ ሆኖ ከመሮጥ ተርፎ ወደ መሬት የሰረገ ውኃ ቆይቶ ከተዳፋቱ ሥር ምንጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ጉዳይም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ታዲያ ላይኛው ለታችኛው ሲል አፈሩን ሲጠብቅ ታችኛው ለላይኛው ምን ይመልሳል? በአንዳንድ አገሮች የታችኛው ተፋሰስ የውኃ ተጠቃሚዎች ለደጋው ገበሬ በገንዘብ ይከፍላሉ፤ ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ ሐይቅ ተፋሰስ የአበባ እርሻዎችና ሌሎች ውኃ ተጠቃሚዎች ከላይ ላሉት ገበሬዎች እንዲህ ያለ ክፍያ ሰጥተዋል።

በጋሞ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚታይበት ሸንጎ ከጥንት አለ። ሕዝቡ በዱቡሻ ተሰብስቦ ስለ መሬት፣ ስለ ግጦሽና ስለ ደን ይመክራል፤ ነውር የሆነውን ነገር ጎሜ ብሎ ይከለክላል። በጨንቻና በዶርዜ ዙሪያ እስከ ዛሬ የቆሙ ጥብቅ የአምልኮ ደኖች የዚህ ክልከላ ውጤት ናቸው። ነገር ግን ዱቡሻ የተሠራው ለአንድ አገር ሰው ነው፤ ደጋውንና ሐይቁን በአንድ ሜዳ ላይ አስቀምጦ አያውቅም። በየዓመቱ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራም ብዙውን ጊዜ በቀበሌና በወረዳ ወሰን ይቆማል፤ ውኃው ግን ወሰኑን አልፎ ይሄዳል። የጫሞ አስጋሪዎች ማኅበራት የደጋ ገበሬዎች እርከን በሚሠሩበት ወር በስብሰባው የሚገኙ ቢሆን፣ የደጋው ተወካዮችም የመረቡ ዓይን በሚለካበት ቀን ሐይቁ ዳር ቢቆሙ፣ ሁለቱም ወገን ከሌላው የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል።

ደሾ የሚተከለው ዝናቡ ሲገባና መሬቱ እርጥበት ሲይዝ ነው። የቆየው ጉንጉን ተቆፍሮ ይወጣል፤ ከነሥሩ ይገነጠላል፤ ረጅም ቅጠሉ ይከረከማል፤ ከዚያም በእርከኑ ጀርባ ላይ ተቀራርቦ በመስመር ይተከላል። አንድ የደረሰ ጉንጉን ለብዙ ጎረቤት ይበቃል፤ ተካዩ ዘር መግዛት አይጠበቅበትም፤ ጎረቤቱን መጠየቅ ብቻ ነው።